ይሄ ቤት አሁን እንዴት ይከፈታል?

እሺ... ሰላም ሰላም። ባለፈው የጀመርኩትን የቤት ኪራዩን ወሬ ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፣ ግን አልሆነልኝም፣ ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ነገር ውስጤ ገብቶ አልወጣም ብሏል። እማዬ ናት። እማዬን መቼም ታውቋታላችሁ፣ እኔ ስጫወት ሲኒዋን ይዛ ከኋላዬ የምትቀመጠዋ፣ አዎ እሷ።

አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ የሚባለውን፣ የድሮ ግሪክን የሚያሳየውን ጌም እንደገና ጀምሬዋለሁ። ዋና ተዋጊዋን ካሳንድራን ይዤ አቴንስ ወረርሽኙ የገባበት ጋ ደረስኩ። ያልጨረሳችሁት ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአቴንስ መሪ ፔሪክሊስ ታሟል፣ አቴና ለምትባለው አምላካቸው የተሰራው ፓርተኖን ውስጥ ነው፣ እየሮጥኩ ስደርስ ጠላቴ ደይሞስ ቀድሞኛል። እዛው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ገደለው።

እማዬ ሲኒዋን ቁጭ አደረገች። "ይሄ ቤተ መቅደስ አይደል?" አለችኝ። ነው አልኳት። "የሚጸልዩበት?" አዎ እማዬ፣ የድሮ ግሪኮች ናቸው፣ ጣኦት ነው አልኳት፣ ጣኦት ያልኩት እንዲቀላት ብዬ ነው መሰለኝ። ዝም አለች። ዝምታዋን ታውቁታላችሁ። ከዛ ቀስ ብላ "ጣኦትም ቢሆን ለነሱ ቤታቸው ነው። ሰው ተገደለበት፣ ይሄ ቤት አሁን እንዴት ይከፈታል?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሷ ተነስታ ሄደች፣ እኔ ቀጠልኩ፣ በኋላ ግን ሌላ ስራ ይዤ በዛው አለፍኩና ገባ ብዬ አየሁት። ወለሉ ንጹህ ነው። ሰዎቹ እንደ ድሮው ቆመዋል። ምንም እንዳልተፈጠረ። አምስት ዓመት ሙሉ ይሄን ጌም ስጫወት ያንን ነገር አንድም ቀን አላየሁትም፣ እማዬ በአንድ ሲኒ ቡና አየችው።

ከዛ ማንበብ ጀመርኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። እውነተኛው ፔሪክሊስ የሞተው በወረርሽኙ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ429፣ ግድያው የጌሙ ፈጠራ ነው። ወረርሽኙን የጻፈልን የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ ራሱ ታሞ የዳነ ሰው ነው፣ በሽታው መጀመሪያ የተነሳው ከግብፅ በላይ ካለችው ኢትዮጵያ ነው ይባላል ብሎ ጽፏል፣ እሱ ኢትዮጵያ የሚለው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ነው እንጂ የኛን የዛሬዋን ካርታ አይደለም፣ ግን ስሙን እዛ ሳየው ደነገጥኩ። ሰዎች የተጠለሉባቸው ቤተ መቅደሶች በሬሳ ተሞሉም ይላል። እና... የት ነበርኩ... አዎ፣ የእማዬ ጥያቄ።

እሱን እኮ ግሪኮቹ ራሳቸው ጠይቀውታል! ከፔሪክሊስ 200 ዓመት ገደማ በፊት ኪሎን የሚባል ሰው አክሮፖሊስን፣ ቤተ መቅደሶቹ ያሉበትን ኮረብታ ማለቴ ነው፣ ይዞ ከተማዋን ሊገዛ ሞከረ፣ አልተሳካለትም፣ እሱ አመለጠ፣ ተከታዮቹ ግን አቴና ጋ ተማጽነው ቀሩ። ፕሉታርክ የሚባለው የድሮ ጸሐፊ እንደሚለው ውረዱና ተዳኙ ሲባሉ ከአቴና ምስል ላይ ክር አስረው ክሩን ይዘው ነው የወረዱት፣ ክሩ እስካለ እሷ ጋ ናቸው ማለት ነው። ክሩ መንገድ ላይ ተበጠሰ። ገደሏቸው፣ መሰዊያ ስር የተጠጉትን ሳይቀር። ክር... እኛ ማተብ ለምናስር ሰዎች ይሄ ታሪክ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እና ያ ደም አልተረሳም። የገዳዮቹ ቤተሰብ የተረገመ ተብሎ ቀረ፣ ከተማዋን የሚያነጻ ሰው ከቀርጤስ ድረስ አስመጡ። ፔሪክሊስ ደግሞ በእናቱ በኩል የዛ ቤተሰብ ልጅ ነው! የአቴንስና የስፓርታ ጦርነት ሊጀመር ሲል ስፓርታዎች "እርግማኑን አስወጡ" ብለው የላኩት እሱን ብለው ነው። 200 ዓመት ሙሉ! ጌሙ ውስጥ ግን በደቂቃ ይጸዳል። እዛው ፔሪክሊስ ላይ።

ሰሪዎቹን እየወቀስኩ አይደለም። ቤቱን እንዴት አድርገው እንደሰሩት... ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ተጀምሮ በ432 ያለቀ ነው፣ የጌሙ ጦርነት ደግሞ በ431 ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ የምታዩት አዲስ ቤት ነው፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ፣ ፍርስራሹን ነጭ እብነ በረድ ብቻ ለለመደ ሰው ያስደነግጣል። ፊዲያስ በወርቅና በዝሆን ጥርስ የሰራት አቴና 12 ሜትር ገደማ ነበረች። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ስሯ ቆሜ ኮንትሮለሩን አስቀምጬ ነበር እኮ። ያን ቀን እንደዛ የተሰማኝ ሰው ሐሙስ ዕለት ለምን ምንም አልተሰማኝም? አላውቅም። ብዙ ስለገደልኩ ይሆናል፣ ጌሙ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ወይም... አላውቅም።

አንድ ያልነገርኳት ነገር አለ። ፓርተኖስ ማለት በግሪክ ድንግል ማለት ነው። ያ ቤት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፣ የድንግል ማርያም፣ ለመቶዎች ዓመታት ተቀድሶበታል። ከዛ መስጊድ፣ ከዛ እ.ኤ.አ. በ1687 ባሩድ ተከማችቶበት ሳለ የቬኒስ ጦር መትቶት ፈነዳ፣ ውስጡ የተጠለሉ ሰዎችም አለቁ። የማርያም ቤት እንደነበር ብነግራት ደስ የሚላት ይመስለኛል፣ ግን ከዛ ፍንዳታውንም ትጠይቀኛለች፣ ያንኑ ጥያቄ ደግማ... ትናንት ቡና ስታፈላ ልጀምርላት አፌን ከፍቼ ነበር፣ "እማዬ ያ ቤት እኮ..." አልኩ፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እና...