የአክስቴ የዱቤ ፋይል

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ከደሴ ነው የማወራችሁ። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል፤ እኔም ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

አክስቴ ሰኞ ገበያ እህል ትሸጣለች። የዱቤ መዝገቧን ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠራሁላት። ደንበኞቿን በሲሪያላይዜሽን ፋይል ላይ አስቀመጥኩ። ሲሪያላይዜሽን ኦብጀክትን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን እንደ አንድ ደንበኛ ያለ መረጃ፣ ጠቅልሎ ፋይል ላይ ወደሚጻፍ ባይት መለወጥ ነው። ታዲያ ኦብጀክት ብቻውን አይሄድም፤ ውስጡ ያሉትን ሌሎች ኦብጀክቶች፣ ጓዙን ሁሉ ይዞ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ኖት ሲሪያላይዘብል ኤክሴፕሽን የሚባል ስህተት ነው፤ «ይህ አይጠቀለልም» ማለት ነው። ደንበኛ የሚለው ክላስ (የኦብጀክቱ ንድፍ) ላይ ኢምፕሊመንትስ ሲሪያላይዘብል፣ ማለትም ይጠቅለል፣ ብያለሁ እኮ! መልእክቱን ደግሜ ሳየው የጠራው ሌላ ክላስ ነው፤ ደንበኛው ውስጥ የከተትኩትን የደረሰኝ ማተሚያ። እሱ መቀመጥ የለበትም። ፊልዱን፣ ማለትም ክላሱ ውስጥ ማተሚያው የተያዘበትን ቦታ፣ ትራንዚየንት (አይጠቅለል) አልኩት፣ አለፈ። ፋይሉ ሲነበብ ግን ኑል (ባዶ) ሆኖ ስለሚመጣ እንደገና መሙላት አለባችሁ።

ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ነው። የስልክ ቁጥር ፊልድ ጨምሬ ኮዱን እንደገና ኮምፓይል ሳደርግ የድሮው ፋይል አልነበብም አለ። ኢንቫሊድ ክላስ ኤክሴፕሽን፤ ክላሱ ከፋይሉ ጋር አይገጥምም ማለት ነው። የአክስቴ ዱቤ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ደብተሯን ያስጣልኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ደውላ «ልጄ፣ ሂሳቡን አየህልኝ?» ስትለኝ አፌ ተሳሰረ።

ሌሊቱን ሙሉ ኮዴን ሳገላብጥ አደርኩ። መልሱ ከፊቴ ነበር። ሲሪያል ቨርዥን ዩአይዲ የሚባለውን የክላሱን ስሪት መለያ ቁጥር እኛ ካልጻፍን ጃቫ ራሱ ከክላሱ ስም፣ ከፊልዶቹና ከሜተዶቹ (ከሚሠራቸው ተግባራት) ያሰላዋል። ፊልድ ስጨምር ቁጥሩ ተቀየረ፤ ከፋይሉ ቁጥርም ጋር አልገጥም አለ። የስህተት መልእክቱ ሁለቱንም ቁጥር ጽፎልኛል፤ የፋይሉንም፣ የአሁኑንም። እኔ ግን ረጅም ቁጥር ሳይ እዘለዋለሁ።

የፋይሉን ቁጥር ገልብጬ ክላሱ ውስጥ ፕራይቬት ስታቲክ ፋይናል ሎንግ (የማይቀየር ቁጥር) ብዬ ጻፍኩት። ተከፈተ! የስልክ ቁጥሩ ኑል ነው፤ ከዱቤው ግን አንድም አልጎደለም። ይህ የሚያዋጣው ፊልድ ስትጨምሩ ነው። የነበረውን ፊልድ ከኢንት (ቁጥር) ወደ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ብትቀይሩት ቁጥሩ አያድናችሁም።

ለዓመታት የሚቀመጥ ሂሳብ መጀመሪያውኑ እንዲህ መቀመጥ አልነበረበትም። አሁን ጄሰን ወደሚባለው፣ ሰው ሊያነበው ወደሚችል የጽሑፍ ቅርጽ እያዛወርኩት ነው። ለአክስቴም አዲስ ደብተር ገዛሁላት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ከደብተሩ ታነባለች፣ እኔ ከፋይሉ አመሳክራለሁ።