ሎድ ላይ የማይመዘገብ ሥራ

የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎቻችንን ሲያዘጋ፣ በየቤቱ የተበተነውን ተማሪ በቴሌግራምና በኢሜይል ለመድረስ ተሞከረ። ፒዲኤፍ ላክን፤ «አስተማርን» አልን። የገጠሩ ተማሪ ፋይሉን ለማውረድ ኔትወርክ ፍለጋ ሲንከራተት ከረመ። ዛሬ ቅይጥ ትምህርት ሲነሳ የብዙዎቻችን ፊት የሚጨማደደው ያ ጊዜ ትዝ እያለን ነው፤ አይፈረድብንም።

ያ ግን ቅይጥ ትምህርት አልነበረም። ቅይጥ ትምህርት ገለጻው አስቀድሞ በቪዲዮና በንባብ ደርሶ፣ የክፍሉ ሰዓት ለጥያቄ፣ ለክርክርና ለልምምድ ሲውል ነው። ክፍሉ አይቀርም።

ተማሪዎች «መምህሩ ከክፍል ሊቀር ፈልጎ ነው» ብለው ይጠረጥራሉ። አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። እነዚሁ ተማሪዎች ጥሩ ቪዲዮ ሲያገኙ ግን አይለቁትም። እንግሊዝኛው ፈጥኖ ያመለጠው የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እጁን አውጥቶ «ይድገሙልኝ» አይልም፤ ያፍራል። ዶርሙ ውስጥ ሆኖ ግን የፈለገውን ያህል መልሶ ይሰማል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለም፣ ከዓመታት በፊት የወሰደው ኮርስ ገለጻ በምረቃው ዋዜማ ይፈለጋል።

ወደ እኛ ወደ መምህራኑ ልምጣ። «ቴክኖሎጂው ከበደን» የምንለው ሰበብ ነው፤ ቴሌብርን የለመደ እጅ ሙድል የተባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት አያቅተውም። ዋናው ችግር ሌላ ነው። የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ለማዘጋጀት ቀኑን ሙሉ የደከመ መምህር ሎዱ ላይ፣ ማለትም በሚቆጠርለት የማስተማር ሰዓት ላይ፣ የሚመዘገብለት ነገር የለም። ክፍል ገብቶ የከረመ ስላይድ ያነበበው ግን ሙሉ ሰዓት ይቆጠርለታል። እንዲህ ያለ መምህር እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም ብዬ ልለፈው። አሠራሩ እንዲህ እያለ ሥልጠና ብንደራርብ የማንም አመለካከት አይለወጥም።

ስለዚህ ሴኔቱን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የቪዲዮ ዝግጅትና የኦንላይን ውይይት በሎድ ቅጹ ላይ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ቪዲዮዎቹም በግቢው ሰርቨር ይቀመጡ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ተማሪው የዳታ ሂሳብ ሳይከፍል በግቢው ኔትወርክ ያውርዳቸው። የመጀመሪያው የትርፍ ሰዓት ክፍያን ሊያንር ይችላል፤ አልደብቅም። ቢሆንም የመጪው መንፈቀ ዓመት የሎድ ድልድል ከመጀመሩ በፊት ውሳኔያችሁን እንጠብቃለን።

አመሰግናለሁ።