እፍኜን ሚዛን ላይ ያስቀመጥኩ ቀን

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ አልጋበዝኩም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ልጆቹ ተኝተዋል። ከጎኔ አንድ ስኒ ሻይ አለ። ዛሬ የማወራችሁ ነገር ለረጅም ጊዜ ውስጤ ሲመላለስ የቆየ ነው። ስለ ሥራ ነው። የባለቤቱ አስተሳሰብ ሥራውን እንዴት እንደሚያሳድገው፣ እንዴት አንቆ እንደሚይዘውም ነው።

ለማታውቁኝ፣ ባልትና ነው የምሠራው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተከራየኋት አንዲት ግቢ። በ2008 ስጀምር የማዘጋጀው ለጎረቤት ነበር። ከዚያ የጎረቤቴ እህት መጣች። ከዚያ የእህቲቱ የመሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። በኋላ ደግሞ ውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሁሉ ቤቴን ለመዱት። ታውቁታላችሁ እኮ፣ ወደ አሜሪካ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ አይጠፋም። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ስንቱ ኪሎ የእኔ እንደሆነ ማታ ማታ ጋደም ብዬ አስብ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራው ለአምስት ዓመት ያህል አደገ። ከዚያ ቆመ። አልከሰረም፣ አልወደቀም፣ ዝም ብሎ ቆመ። በወር የማወጣው በርበሬ ከ200 ኪሎ ፈቀቅ አላለም። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ ያው 200 ኪሎ።

ለምን ቆመ ብትሉኝ መልስ አላጣም ነበር። የበርበሬው ዛላ ተወደደ። መብራት ይጠፋል፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ነው። አከራዬ ኪራይ ጨመሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ፣ የማሸጊያ ላስቲኩም አብሮ ወጣ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። አንዱም ውሸት የለበትም። ግን ከእኔ ሁለት መንደር አልፎ ያለች ሴት፣ ያው መብራት እየጠፋባት፣ ያው ላስቲክ እየተወደደባት፣ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተች። ይሄን ሳይ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት።

እውነቱን ያየሁት ግን ስታመም ነው። ታኅሣሥ 2017። ለእኛ ሥራ ታኅሣሥ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አዲሱ ዛላ ከማረቆም ከሃላባም የሚገባበት ወቅት ነው። የገና በዓል እየደረሰ ነው። ትእዛዝ ተደራርቧል። እኔ ታይፎይድ ይዞኝ አልጋ ላይ ነኝ።

በዚያ ሳምንት 60 ኪሎ በርበሬ ተደልዞ ነበር። በርበሬ አዘጋጅታችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ ተወቅጦ ከበርበሬው ጋር ይደለዛል። ታፍኖ ያድራል። ከዚያ መሰጣት አለበት፣ ፀሐይ ማግኘት አለበት። ከደረቀ በኋላ ነው ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ቅርንፉዱ ታምሶ ገብቶበት ወደ ወፍጮ የሚሄደው።

ልጆቹ ደወሉልኝ። ሦስት ናቸው አብረውኝ የሚሠሩት። ትልቋ ናት የደወለችው። «እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ይሄን የተደለዘውን እናስጣው?» አለችኝ። እኔም «እኔ ሳላየው እንዳትነኩት፣ ነገ እነሳለሁ» አልኳት። ነገ አልተነሳሁም። ከነገ ወዲያም አልተነሳሁም። በአራተኛው ቀን ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ግድግዳ እየደገፍኩ ሄጄ መሸፈኛውን ገለጥኩት። ሽታው ነው የነገረኝ። ሻግቷል። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል። 60 ኪሎ ደፋን።

ትልቋ ልጅ ቆማ ታየኛለች። አልተናገረችም። ግን ታውቅ ነበር እኮ! አምስት ዓመት ከእኔ ጋር ሠርታለች። መሰጣት እንዳለበት ታውቃለች፣ መቼ እንደሚነሳ ታውቃለች፣ ስንት ቀን እንደሚፈልግ ታውቃለች። እንዳትነካው ያልኳት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ አልጋዬ ላይ ተመልሼ ብዙ አሰብኩ። ለምንድነው «አስጪው» ያላልኳት? ቢጠይቁኝ «ለጥራት ብዬ ነው» እል ነበር። ሰው ሁሉ የሚለኝም ይሄንኑ ነው፣ «ያንቺ እጅ ልዩ ነው» ይሉኛል። ግን ጥራት አልነበረም። ፍርሃት ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ እኔ ጋ ሠርታ፣ ሙያውን ለምዳ፣ ወጥታ የራሷን ከፈተች። በጣም ነው የከፋኝ። እንደ ክህደት ነው የቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ መጠኑን ለማንም አልናገርም። ቅመሙ ሲገባ ልጆቹን ሌላ ሥራ አዝዤ አስወጣቸዋለሁ። እናቴ «ሙያ በልብ ነው» ትለን ነበር። እሷ ያለችው በሥራሽ አትኩራሪ፣ ዝም ብለሽ ሥሪ ለማለት ነው። እኔ ግን እንደ ቁልፍ ተጠቀምኩበት። ሙያውን በልቤ ዘጋሁበት። እኔ ስተኛ ሙያውም ተኛ።

አሁን ስለ ሚዛኑ ልንገራችሁ። የወንድሜ ልጅ አካውንቲንግ ተምራለች። ስታመም ልትጠይቀኝ መጥታ ሰነበተች። ደብተሬን አገላብጣ አየች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አክስቴ፣ ያንቺ ደሞዝ የት ነው የተጻፈው?» ብላ ነው። ደሞዝ የለኝም። ከመሳቢያው ነው የማነሳው። የልጅ ትምህርት ቤት ሲደርስ ከመሳቢያው፣ ለቅሶ ሲኖር ከመሳቢያው፣ እቁብ ከመሳቢያው። እሷ ዝም ብላ ጻፈች። ቀጥላ «ኮረሪማው ስንት ግራም ነው የሚገባው?» አለች። «በእፍኝ ነው» አልኳት። «እፍኝሽ ስንት ግራም ነው?»

ሚዛን አመጣች። ያችን ትንሿን፣ ዲጂታሏን። የተፈጨ ኮረሪማ በሰፌድ አቀረበችልኝ። አንድ እፍኝ ዘግኜ አስቀመጥኩ። 38 ግራም። ሁለተኛ ዘገንኩ። 52። ሦስተኛ። 45። እንደገና ሞከርኩ፣ በደንብ አስተካክዬ፣ ትንፋሼን ይዤ። 41።

አያችሁ? እጄ ልዩ ነው ስባል የኖርኩት ሴትዮ፣ እጄ በእያንዳንዱ ጊዜ የተለያየ ነው። «ያለፈው በጣም ጥሩ ነበር፣ የአሁኑ ትንሽ ይለያል» የሚሉኝ ደንበኞች ነበሩ። ምላሳቸው ነው እል ነበር። ልክ ነበሩ። ሳልመዝን ቁጭ ብዬ፣ ጥራት በእኔ እጅ ነው ብዬ ሰው እንዳይነካው እከለክል ነበር። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የወንድሜ ልጅ ናት አንድ ጥናት ያነበበችልኝም። ቶጎ ውስጥ፣ ሎሜ ከተማ የተሠራ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች ወሰዱ። እንደ እኔ ያሉ፣ እንደ እናንተ ያሉ። ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኛዎቹ 500 የተለመደውን የንግድ ሥልጠና ወሰዱ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ ገበያ፣ የመሳሰለውን። ሁለተኛዎቹ 500 ሌላ ዓይነት ሥልጠና ወሰዱ። ከሥነ ልቦና የተወሰደ ነው። ማንም ሳይነግርህ መጀመር፣ ነገን አሻግሮ ማየት፣ እንቅፋት ሲመጣ መንገድ ቀይሮ መቀጠል። ሦስተኛዎቹ ምንም አልወሰዱም። ከዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ተከታተሏቸው። አስተሳሰብ ላይ የሠለጠኑት ትርፋቸው ምንም ካልወሰዱት በ30 በመቶ በለጠ። ሴቶቹ ብቻቸውን ሲታዩ ደግሞ 40 በመቶ። የሒሳብ አያያዝ የተማሩት 11 በመቶ ነው፣ እሱም በአጋጣሚ ሊሆን የሚችል ልዩነት ነው ተብሏል።

ይሄን ስሰማ ወዲያው አልተቀበልኩትም። ሒሳብ አያያዝ አይጠቅምም ማለት ነው? በእኔ ቤት ሒሳብ ባይታይ ደሞዝ እንደሌለኝ መቼ አውቅ ነበር? ቆይቼ ሳስበው ግን ገባኝ። ደብተሩ እኔ ጋ ድሮም ነበር። የሽያጭ ደብተር፣ የዱቤ ደብተር፣ ሁሉም አለ። ያልነበረኝ ደብተሩን ከፍቶ «ለምን ቆመ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ።

ግን አንድ ነገር በጣም የሚያናድደኝ አለ፣ ልናገረው። «አስተሳሰብህን ቀይር፣ ሚሊየነር ትሆናለህ» የሚሉ ሰዎች አሉ። አዳራሽ ተከራይተው፣ ትኬት ሸጠው። እንዲህ አይባልም። መነሻ ገንዘብ የሌላት እናት፣ መሥሪያ ቦታ ያጣ ወጣት፣ ችግራቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው ብሎ መናገር ነውር ነው። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው ከወፍጮው ነው፣ በበጎ አስተሳሰብ አይመጣም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ችግሩ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ከጀርባው ተደብቆ የሚቀመጥ የራሳችን ፍርሃት አለ ነው የምለው።

ለምሳሌ ብድር። ስንት ዓመት «ባንክ ያለ ቤት፣ ያለ መኪና አያበድርም» እያልኩ ኖርኩ። የራሴን ወፍጮ ለመግዛት እቁብ እስኪደርሰኝ ጠበቅኩ። ለካ በ2011 አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1147 ነው። ማሽንም፣ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃም፣ ከብትም ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆን የሚፈቅድ። ሄጄ ስጠይቅ ባንክ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ ማለት አይደለም። አንዱ መለሰኝ፣ ሁለተኛው ወረቀት አምጪ አለኝ። ነገር ግን ለስድስት ዓመት በር ያላንኳኳሁት እኔ ነኝ። «አይሆንም» ያለኝ ሰው አልነበረም። ራሴው ነኝ ለራሴ «አይሆንም» ያልኩት።

ደግሞ አለ ሌላ። ሰው «ገበያ እንዴት ነው?» ሲለን «ተመስገን፣ ዝም ብሎ ነው» እንላለን። ደህና ቢሆንም ደህና ነው አንልም። ዓይን እንዳይበላን ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። አልነቅፈውም፣ አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር አለ። ግን ደግመን ደጋግመን ስንለው ራሳችንም እናምነዋለን። ዝም ብሎ ነው የምንለው ሥራ ዝም ብሎ ይቀራል።

በረባሶን አስቡት። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው ጫማ። ስንቶቻችን ልጅ ሆነን የድሃ ጫማ ነው ብለን አፍረንበታል? ቤተልሔም ጥላሁን፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ተወልዳ፣ እዚያው ሰፈሯ በፈረንጆቹ 2004 ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትጀምር ያንኑ ጎማ ነው ይዛ የተነሳችው። ጎማው ሁላችን ደጅ ነበር። ሰፈሯ ውስጥ እጃቸው የሠለጠነ ሰዎች ነበሩ። እሷ ግን አይታ ዝም አላለችም። እኔን ይሄ ነገር ሁሌ ያስቀናኛል፣ በደግ ቅናት።

እሺ፣ ወደ እኔ ግቢ ልመለስ። ምን አደረግኩ? መጠኑን ጻፍነው። በግራም። ለአንድ ኪሎ ዛላ ስንት ኮረሪማ፣ ስንት አዝሙድ፣ ስንት ጨው። በላስቲክ አስለብጠን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። እስክሰቅለው ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ እውነቴን ነው። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እመጣለሁ፣ ይዤ እመለሳለሁ። ለትልቋ ልጅ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኋት። ደሞዟን ጨመርኩ፣ ከትርፉም ድርሻ አሰብኩላት። ወጥታ የራሷን ብትከፍትስ? ትከፍት ይሆናል። ልጅ አላት፣ ሕልም አላት። ተነጋግረንበታል። ከመክፈቷ በፊት እንደምትነግረኝ ቃል ገብታልኛለች፣ እኔም ዛላ የሚያመጣልኝን ነጋዴ እንደማገናኛት ቃል ገብቻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። እኔ ሃምሳውንም ብቻዬን ተሸክሜ ነበር።

አሁን በወር 340 ኪሎ ደርሰናል። ትልቅ ቁጥር አይደለም። ፋብሪካ አይደለንም። ግን ባለፈው ጥር ለአስተርእዮ ማርያም እናቴ ጋ ደሴ ሄጄ አምስት ቀን ቆየሁ። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ አምስት ቀን ተለይቼ አላውቅም። መጀመሪያው ቀን ስልኬን ከእጄ አላወርድም ነበር። እናቴ «ምን ሆነሻል፣ ቡናውን ጠጪ እንጂ» ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ረስቼው ዋልኩ። ማታ ሳየው አንድም ያመለጠ ጥሪ የለም።

ከተመለስኩ በኋላ አንዲት የቆየች ደንበኛዬ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለችልኝ። እኔ ደሴ እያለሁ የተላከላትን በርበሬ ቀምሳው ነው። «እህቴ፣ ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ድሮ ቢሆን «አሜን» ብዬ ዝም እል ነበር። ልጅቷ ከፊቴ ሰፌድ ይዛ ታበጥራለች። «የኔ እጅ አይደለም፣ ቆይ የሠራችውን ላገናኝሽ» አልኳትና ስልኩን አቀበልኳት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችኝ።