የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ስለ እስራኤል አየር ኃይል 120ኛ ስኳድሮን

ከነታንያ የደወሉ እናት፦ «ከአዲስ አበባ ስንመጣ ወንበር አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጥነው። የጦር አውሮፕላን ነበር ወይስ የመንገደኛ?»

እናቴ፣ በዘመቻ ሰሎሞን ሁለቱም ነበሩ። ጊዜው ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ከወጡ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ ተነሱ። የእስራኤሉ አየር መንገድ የኤል አል አንድ ቦይንግ 747 ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ይዟል። ቦታ እንዲበቃ የመንገደኞቹም ወንበር ተነቅሎ ስለነበር፣ በወንበሩ መለየት አይቻልም። አገባብዎን ያስታውሱ። ከኋላ በኩል በሚከፈት ሰፊ በር ከገቡና ክንፉ ላይ ፕሮፔለር ካዩ፣ የአየር ኃይሉ የጭነት አውሮፕላን ሄርኩለስ ነው። በጎን በር በደረጃ ከወጡ፣ ኤል አል ወይም የአየር ኃይሉ ቦይንግ 707 ሊሆን ይችላል። 707ዎቹ የ120ኛው ስኳድሮን፣ ማለትም የአየር ኃይሉ አንድ የበረራ ክፍል፣ ናቸው።

ከአዲስ አበባ የደወለ ወጣት፦ «ይሄ ስኳድሮን ሌላ ምን ሠርቷል?»

ሰውና ዕቃ ያጓጉዛል፣ በአየር ላይ ነዳጅ ይሞላል። መጀመሪያ ስትራቶክሩዘር የሚባሉ ባለ ፕሮፔለር ግዙፍ አውሮፕላኖች ነበሩት። እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1971 አንዱ በስዊዝ አካባቢ በግብፅ ሚሳይል ተመታ። ከ8ቱ የበረራ ሠራተኞች የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። 707ዎቹ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኡጋንዳ ውስጥ ታጋቾችን ለማስለቀቅ በተደረገው የኢንቴቤ ዘመቻ ኮማንዶዎቹን የወሰዱት ሄርኩለሶች ስለሆኑ ሁሉም የሚያወራው ስለ እነሱ ነው። ሁለት 707ዎችም ነበሩ እኮ! አንዱ ሰማይ ላይ ሆኖ የዘመቻው ማዘዣ ነበር፤ ሌላው እንደ ሆስፒታል ተደራጅቶ ናይሮቢ ላይ ቁስለኞችን ይጠብቅ ነበር። የነሱ ድርሻ ሲዘለል ያሳዝነኛል።

ከጎንደር፦ «እየበረሩ ነዳጅ መሙላት እንዴት ይቻላል?»

ነዳጅ ሰጪው ፍጥነቱንና ከፍታውን ሳይለውጥ ቀጥ ብሎ ይበራል። ተዋጊ ጄቱ ከኋላው፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጠጋል። ከነዳጅ ሰጪው ጅራት ሥር ረጅም ጠንካራ ቧንቧ ይወርዳል። ቧንቧውን ጄቱ ላይ ካለው መቀበያ ጋር የሚያገናኘው ለዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ሁለቱም በከፍተኛ ፍጥነት እየበረሩ ስለሆነ ትንሽ ስህተት ሁለቱንም አውሮፕላን ሊያጠፋ ይችላል።

ጥቅሙ ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1985 የእስራኤል ኤፍ-15 ጄቶች ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በረው ቱኒስ አጠገብ የነበረውን የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ደበደቡ። ሜዲትራኒያን ላይ ነዳጅ የሰጣቸው 707 ነው። ፍልስጤማውያንም ቱኒዚያውያንም ሞቱ። የፀጥታው ምክር ቤት ጥቃቱን በ14 ድምፅ አወገዘ፤ አሜሪካ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። ያን ቀን የሞቱትን ሳያነሱ ስለ በረራው ብቃት ብቻ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም።

በ707ዎቹ ምትክ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2022 አራት የቦይንግ ኬሲ-46 ነዳጅ ሰጪዎችን አዛለች።