ባልዲው ግርጌ የቀረችው ሊጥ

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ፣ ሰላም ናችሁ? ድምፄ ዛሬ ትንሽ የሚያስተጋባ ከመሰላችሁ ኩሽና ውስጥ ሆኜ እየቀዳሁ ስለሆነ ነው፣ ማይኩን ከሊጡ ባልዲ ጎን በርጩማ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ እዚህ ባህር ዳር ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፣ ባለቤቴም ልጄም ተኝተዋል፣ እኔ ደግሞ አብሲት ጥዬ ሊጡ ኩፍ እስኪል እየጠበኩ ነው። ቆይ ማይኩን ላስጠጋው... ሰማችሁት? ቲክ፣ ቲክ የሚለውን? አረፋው ሲፈነዳ ነው። ይሄን ድምፅ ሰው ሁሉ ቢሰማልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

እና ዛሬ ስለ እንጎቻ ነው የማወራችሁ። ገጠር ያደገ ሰው ገና ስሙን ስጠራው ምራቁን ይውጣል። እናት እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ባልዲው ግርጌ ላይ ትንሽ ሊጥ ትቀራለች አይደል፣ እሷን ጠራርጋ ለልጅ ብላ የምትጋግራት ትንሽዬ እንጀራ፣ እሷ ናት እንጎቻ። ትኩሷን ቅቤና በርበሬ ይቀቡልሃል፣ ጣትህ እየተቃጠለ ትበላታለህ። መሶብ ውስጥ አትገባም፣ ለእንግዳ አትቀርብም፣ ያንተ ናት።

አሁን እኔ ወንድ ልጅ ሆኜ እንዴት እዚህ ምጣድ ፊት እንደቆምኩ ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት መስከረም ላይ ባለቤቴ ወለደች፣ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። እናቴ ለማረስ ከአዴት መጣች፣ ስትመጣ ደግሞ እንደምታውቁት ነው የኛ እናቶች፣ ጤፍና ዳጉሳ ተቀላቅሎ የተፈጨ አንድ ማዳበሪያ፣ ለአጥሚት የሚሆን ገብስ፣ በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ፣ ማር፣ ሁሉንም አሸክማ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዝናቡ ጭቃ ገና አልደረቀም ነበርና ግቢ ውስጥ አዳለጣትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። ወጌሻ መጥቶ አሰራት፣ ቢያንስ ወር በዚህ እጅ ምንም እንዳታነሺ ተባለች። እቤት ውስጥ አራስ አለች፣ አንድ እጇ የታሰረ እናት አለች፣ ሊጡ ደግሞ ቦክቷል። ሊጥ አይጠብቅም።

እንጀራ መግዛት ይቻል ነበር፣ አውቃለሁ። እማ ግን «አራስ የገበያ እንጀራ አትበላም» አለች፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ያደግኩት ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ያደርጋል በሚባልበት አገር ነው፣ ራሷ እማ ናት ከምድጃ ዳር እያባረረች ያሳደገችኝ። የዚያን ቀን ግን በርጩማ አመጣችና ኩሽናው በር ላይ ተቀመጠች፣ የታሰረውን እጇን በነጠላዋ አቅፋ «በል ግባ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

የመጀመሪያዋ እንጀራ ተቀዳደደች። ሁለተኛዋም ከምጣዱ አልላቀቅ አለች። እማ ሳትቆጣ «ምጣዱን በደንብ አላሰስከውም፣ ጎመን ዘሩን ነስነስ አርግና በጨርቁ እሸው፣ እስኪያብለጨልጭ» አለች። አሸሁት። «አሁን ከዳር ጀምር፣ እያዞርክ ወደ መሀል ግባ፣ እጅህ አይቁም፣ እጅህ ከቆመ ይወፍራል።» እጄ እየተንቀጠቀጠ አዞርኩት። «አሁን እንዳትከድነው፣ ዓይኑን እስኪያወጣ ጠብቅ።» እና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ይሄን ነው ልነግራችሁ የፈለኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራ በልቻለሁ፣ ዓይኑ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ከዳር በኩል አንድ ሁለት ነጠብጣብ ብቅ ይላል፣ ከዚያ እንደ ዝናብ ጠብታ ድንገት ሁሉም ቦታ ይፈላል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል፣ ላዩ ላይ የነበረው ርጥበት ይጠፋል፣ የዳጉሳው ቀለም ከቀይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከዚያ ክዳኑ፣ ከዚያ እንፋሎቱ ከዳር ሹልክ ሲል፣ ከዚያ ስትከፍተው ጠርዙ ራሱን ቀና አድርጎ ከምጣዱ ተነስቶ ይጠብቅሃል። ሰፌዱን ሸርተት አርገህ ማስገባት ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ወጣች። እማ «እሰይ» አለች፣ እኔ እንባዬ መጣ፣ ጭሱ አይደለም፣ ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው።

ሃያ ሁለት እንጀራ ጋገርኩ ያን ቀን፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ባልዲውን ላጥበው ውሃ ልጨምርበት ስል እማ «ቆይ ቆይ ቆይ! እንጎቻዋስ?» አለችኝ። «እማ ለማን? ልጅቷ እኮ ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው።» እማ ዝም ብላ አየችኝና «እናቷስ ልጅ አይደለችም?» አለች።

ጠራርጌ ጋገርኳት። ክብም አልሆነች፣ የሆነች ጆሮ የምትመስል ነገር ናት። ቅቤ ቀባኋት፣ በርበሬ ነሰነስኩባት፣ አጥፌ በትንሽ ሳህን መኝታ ቤት ወሰድኩላት። ባለቤቴ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ እኔ ፊቴ ላይ ሁሉ ሊጥ አለ። «እንጎቻ ነው?» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ምን ሆንሽ ስላት፣ እሷ እኮ ሞጣ አካባቢ ነው የተወለደችው፣ ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበረ ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ ከተማ ቤት ተከራይታ ነው የተማረችው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ ይሄን ኑሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ከቤት ይላካል፣ ደረቅ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። «ስንቅ ይመጣልኛል እንጂ እንጎቻ በስንቅ አይላክማ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንጎቻ ትኩስ ካልሆነ እንጎቻ አይደለም፣ ምጣዱ ዳር መገኘት አለብህ። እና ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ማንም ጋግሮላት አያውቅም። አራት ዓመት በትዳር አብረን ስንኖር ይሄን አላውቅም ነበር፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ። እሷ እየበላች፣ ልጅቷ ደረቷ ላይ ተኝታ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ... በቃ ያቺን ሰዓት ከምንም ጋር አልቀይራትም።

ከዚያ በኋላ እስከ ሰማንያ ቀን፣ እስከ ክርስትናዋ ድረስ ኩሽናው የኔ ሆነ። አጥሚቱን ከታች እንዳይዝ ሳላቋርጥ ማማሰል ተማርኩ፣ ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት ተማርኩ፣ ቸኩለህ ዘይት ካደረግክበት ወጡ አይሰክንም፣ ትዕግስት ነው የሚፈልገው። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ሽታው ሲደርሳቸው በአጥር ላይ «ምጥን ሽሮ ነው ዛሬ?» ይሉኛል። «አዎ እትዬ፣ ይግቡ ይቅመሱልኝ።» ከዚያ በሳህን እልክላቸዋለሁ፣ ሳህኑ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፣ አንድ ቀን ቆሎ፣ አንድ ቀን ሦስት ሎሚ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከጓሯቸው የተቆረጠ ጤና አዳም። ሦስት ዓመት ሆነው፣ ያ ሳህን እስካሁን ይመላለሳል፣ የማን እንደነበር ራሱ አሁን አላስታውስም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዓሳ ልገዛ ወደ ጣና እወርድ ነበር፣ አራስ ሾርባ ትጠጣ ተብሎ። ከዚያ በፊት ለምን እንደማልሄድ አላውቅም። እዚሁ እየኖርኩ፣ ሐይቁ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ፣ የማየው እንግዳ ሲመጣብኝ ብቻ ነበር። ጎህ ሲቀድ ውሃው ላይ ጉም ይተኛል፣ ታንኳዎቹ ከጉሙ ውስጥ ነው የሚወጡት፣ መጀመሪያ የቀዛፊው ድምፅ፣ ከዚያ ራሱ፣ መጨረሻ ላይ ደንገሉ። ሁለት ቆሮሶ በደንገል ልጣጭ በጉሮሯቸው ተንጠልጥለው ይሰጡሃል፣ ገና ይንፈራገጣሉ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ውሃ ፊትህ ተዘርግቶ አንተ ሁለት ዓሳ ይዘህ ለሚስትህ ሾርባ ልትሠራ እየተጣደፍክ ነው፣ ምን ልበላችሁ፣ ሀብታም የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ከልጄ ጋር ነው የምሄደው። እሁድ እሁድ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግራችን እንሻገራለን፣ ያን በ2016 ግንቦት ላይ የተመረቀውን። 380 ሜትር ነው ርዝመቱ፣ ለሦስት ዓመት ልጅ እግር ግን አገር ማቋረጥ ነው፣ መሀል ላይ ቆማ «አባ ጉማሬ የታለ?» ትላለች፣ ጉማሬው ታየም አልታየ እሷ ውሃው ላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ጉማሬ ነው ብላ ቻው ትለዋለች። እኔም ቻው እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እማን ልናይ አዴት ሄድን። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቅምት ላይ ያን መንገድ ያላያችሁ እባካችሁ እዩት፣ ግራና ቀኝ ኑጉ አብቦ ቢጫ ነው፣ መሀል መሀል ላይ አረንጓዴው ጤፍ፣ ንቡ ደግሞ ከመኪናው መስኮት ይሰማል፣ ሹፌሩን አስቁመን ወርደን ልጅቷን ኑጉ ዳር አቆምናት፣ አበባው ከሷ ይረዝማል። አንዷን ቆርጣ «ለአያቴ» ብላ እስከ ቤት ድረስ በጡጫዋ ጨብጣ ወሰደቻት፣ ስንደርስ ጭማቂ ብቻ ነው የቀረው፣ እማ ግን ተቀብላ ሳመችውና ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

የእማ እጅ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም። ማሰሮ ማንሳት ያማታል። ስለዚህ እኔ ልጋግር አልኳት፣ እዛ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ የለም፣ የሸክላው ነው፣ የባህር ዛፍ ቅጠል ነው የሚማገደው፣ እሳቱን ራስህ ነህ የምትመጥነው፣ ቅጠሉ ፋ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ሁለት ሦስት የሰፈር ሴቶች በር ላይ መጥተው ቆመው ያያሉ። አንዷ «እንዴ፣ ወንዱ ነው የሚጋግረው?» አለች። እማ «አዎ፣ የኔ ልጅ ነው» አለቻት። እንዴት አድርጋ እንዳለችው በድምፅ ላሳያችሁ አልችልም።

ስጨርስ ልጄ ጉልበቴ ላይ ተንጠልጥላ «እንጎቻዬ» ትላለች፣ ለሷ ጋገርኩላት። ግን ባልዲው ላይ ገና ትንሽ ነበረች። አንድ ተጨማሪ ጋገርኩ። እማ የጽጌ ጾም ላይ ናት፣ ቅቤ አትበላም፣ ስለዚህ አዋዜውን በኑግ ዘይት ለውሼ ቀባሁና አጥፌ አመጣሁላት። «ለማን ነው?» አለች። «ላንቺ።» «ለኔ? ኧረ ለልጅቷ ስጣት።» «ልጅቷ በልታለች እማ፣ ይቺ ያንቺ ናት።»

እኔ የጠበኩት ትቆርስና ግማሿን ለባለቤቴ ታጎርሳለች፣ የቀረውን ደግሞ ለኔ ትመልሳለች ነው። ሕይወቷን ሙሉ እንደዛ ናት፣ እጇ ላይ የገባ ነገር አፏ ሳይደርስ ለሌላ ሰው ነው የሚተላለፈው። አልሰጠችም። በግራ እጇ ያዘቻት፣ ዞር አለች ወደ እሳቱ፣ ቀስ እያለች፣ እያኘከች፣ ለማንም ሳታጎርስ ሙሉዋን በላቻት። ጣቷ ላይ የቀረውን አዋዜም ላሰችው። ከዚያ ባልዲው ውስጥ አጮልቃ አየችና «አልቋል?» አለችኝ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው።

...እንዴ፣ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ቆይ፣ ቆይ ሊጡም ኩፍ ብሏል፣ እዩት ጫፍ ደርሷል ሊገነፍል ነው። መጣች። ና በይ ነይ፣ ሰላም በያቸው፣ አፍራለች፣ ፀጉሯ ቆሟል። ምን? እሺ፣ እሺ የኔ እመቤት፣ መጀመሪያ ምጣዱ ይጋል፣ ከዚያ ትልልቆቹ፣ ከዚያ ያንቺ። እናትሽንም ቀስቅሻት፣ ለሷም አለ በያት። በሉ ወዳጆቼ ልሂድ፣ ሊጥ አይጠብቅም።