ጉዞውን ያወቅነው እያስቆምነው ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

በምሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ጨለማ ክፍል አለ። በክፍሉ ያለው ማይክሮስኮፕ ሙቀቱን እንደፈለግን በምናስተካክልበት ሣጥን የተከበበ ሲሆን፣ ውስጡ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያደሩ ሕዋሳትን የያዘ ትንሽ የመስታወት ሳህን እናስቀምጣለን። ሕዋሳቱ የአንድ ቫይረስን ፕሮቲን እንዲያመርቱ ተደርገዋል፤ በፕሮቲኑም ላይ አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ሌላ ፕሮቲን ተቀጥሎበታል። ይህ ፕሮቲን በ40 ዲግሪ ሙቀት ትክክለኛ ቅርጹን መያዝ ስለማይችል፣ ከተሠራበት ስፍራ፣ ማለትም ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከሚባለው የሽፋን መረብ፣ ንቅንቅ አይልም። ሙቀቱን ወደ 32 ዲግሪ ስናወርደው ግን ፕሮቲኑ ቅርጹን ይይዝና መንገዱን ይጀምራል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በመረቡ ላይ ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ነጠብጣቦቹ ወደ ኒውክለሱ አጠገብ እየተንሸራተቱ ይሰበሰቡና ጎልጂ የተባለው ክፍል ይደምቃል፤ ቆየት ብሎም ብርሃኑ ከዚያ ተነሥቶ በየአቅጣጫው ወደ ሕዋሱ ውጫዊ ሽፋን ይጓዛል። ይህን ትዕይንት ለቁጥር በሚያዳግት ጊዜ ተመልክቼዋለሁ፤ ዛሬም ባየሁት ቁጥር ለማንም ቃል ሳልተነፍስ እስኪያልቅ እቀመጣለሁ።

ከዚህ ሳህን የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዋስ የሠራውን ፕሮቲን እንዴት ወደ ውጭ እንደሚልክ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ጉዞውን በማስቆም ነው። በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀስ፣ ተመልካቹ የትኛው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ መለየት አይችልም። ጭነቱን ተሸክመው የሚመላለሱት ከረጢቶችም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ናኖ ሜትር ብቻ ስፋት ያላቸው ናቸውና፣ ተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ቅርጻቸውን ለይቶ አያሳይም።

ካሚሎ ጎልጂ ዛሬ በስሙ የምንጠራውን ክፍል በነርቭ ሕዋስ ውስጥ በብር ቀለም አጥቁሮ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1898 ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሊቃውንቱ የተከራከሩት ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ መኖሩ ነው፤ ብዙዎች ቀለሙ ራሱ የፈጠረው ምስል ነው ይሉ ነበር። ክርክሩን የቋጨው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲሆን፣ ሥራውን ለማወቅ ግን የጆርጅ ፓላዴ ትዕግሥት አስፈልጓል።

በሮማንያ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ፓላዴ የመረጠው የጊኒ ፒግን ቆሽት ነበር። የቆሽት ሕዋሳት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን በብዛት አምርተው ስለሚያፈስሱ፣ ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ሕዋስ ማግኘት ያስቸግራል። እርሱና ጄምስ ጄሚሰን በ1960ዎቹ የቆሽት ቁራጮችን ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ በሆነው፣ ጨረር በሚያመነጭ ሉሲን ውስጥ ለ3 ደቂቃ ብቻ ነከሩ፤ ከዚያም ጨረር ወደሌለው ሉሲን አዛወሯቸው። በመሆኑም ምልክት ያረፈው በእነዚያ 3 ደቂቃዎች በተሠሩት ፕሮቲኖች ላይ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ በተለያየ ጊዜ ሕዋሳቱን በኬሚካል ባሉበት አስቀርተው፣ በስሱ ቆርጠው፣ ጨረሩ በፎቶግራፍ ንጥረ ነገር ላይ የሚተወውን ጥቁር ነጥብ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፈለጉ። ነጥቦቹ መጀመሪያ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ፣ ቀጥሎ በጎልጂ አካባቢ፣ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ደግሞ ለመፍሰስ በተዘጋጁት የኢንዛይም ቋቶች ላይ ተገኙ። እያንዳንዱ ምስል የሞተ ሕዋስ ነው፤ ተራ በተራ ሲደረደሩ ግን የሕያው ሕዋስ መንገድ ሆኑ። ፓላዴ ከአልበርት ክሎድና ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጊንተር ብሎበል ደግሞ ፕሮቲኑ በዚህ መንገድ የሚገባው በራሱ ጫፍ ላይ በተጻፈ አጭር የአሚኖ አሲድ ምልክት እንደሆነ አሳይቶ በ1999 ተሸለመ።

እንግዲህ መንገዱ ታወቀ። ጭነቱን የሚያነሣው፣ የሚያደርሰውና የሚያራግፈው ግን ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር።

ራንዲ ሼክማን ለዚህ ጥያቄ የመረጠው እርሾን ነው። በጊዜው እርሾን ለዚህ ጥናት መምረጥ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ በዚህች ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ውስጥ የቆሽት ሕዋስን የሚመስል ሥርዓት ይኖራል ብሎ ለማመን በቂ ማስረጃ አልነበረምና። ሼክማንና ተማሪው ፒተር ኖቪክ የፈለጉት በ25 ዲግሪ በደኅና የሚኖር፣ በ37 ዲግሪ ግን ፕሮቲን ወደ ውጭ መላክ የሚያቆም እርሾ ነበር። ጉዞ ጨርሶ የተቋረጠበት ሕዋስ ይሞታልና፣ ጉድለቱ በሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋ መሆን ነበረበት። የመጀመሪያውን እርሾ ያገኙት በ1979 ሲሆን፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ውስጡ መውጫ ባጡ ከረጢቶች ተጨናንቆ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ለተማሪዎች ዘርዘር አድርጌ መናገር እወዳለሁ። መላክ ያቆመ እርሾ ፕሮቲን መሥራቱን ሲቀጥል መጠኑ ግን አያድግም፤ ስለዚህ እየከበደ ይሄዳል። እነርሱም ሕዋሳቱን እንደየጥግግታቸው በሚለይ ፈሳሽ ውስጥ አሽከርክረው ወደ ታች የዘቀጡትን ብቻ ለቀሙ። በዚህ ቀላል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980 ለጉዞው የሚያስፈልጉ 23 ጂኖችን ለዩ። በሙያችን ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ውድ መሣሪያ ሳይሆን ስለ ሕዋሱ በጥሞና ማሰብ የወለደው ነው።

ጄምስ ሮዝማን በዚያው ዘመን የሄደበት መንገድ ሌላ ነበር። ሕዋሱን ሰብሮ የጎልጂን ክፍሎች በሙከራ ቱቦ ውስጥ አኖረና ጭነት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር አደረገ። ቀጥሎ መሻገሩን በኬሚካል አቆመው፤ ከዚያም የሕዋስ ጭማቂን ክፍልፋይ በክፍልፋይ እየጨመረ ሥራውን የሚመልሰውን ፕሮቲን ፈለገ። በ1988 አጥርቶ ያወጣው ፕሮቲንም ሼክማን በእርሾ ካገኛቸው 23 ጂኖች የአንዱ አቻ ሆኖ ተገኘ። እርሾና አጥቢ እንስሳ ከተለያዩ እጅግ ረጅም ዘመን ቢያልፍም፣ የጭነቱን መሣሪያ ግን ሁለቱም እንደያዙት ቀርተዋል። ከነርቭ ጫፍ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል በካልሲየም ትእዛዝ ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንዴት እንደሚለቀቅ ያብራራው ቶማስ ሱድሆፍም ከሁለቱ ጋር ተጨምሮ፣ ሦስቱ እ.ኤ.አ. የ2013 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ተፈጥሮም ይህንኑ ጉዞ ታስቆማለች። የመንጋጋ ቆልፍና የቦቱሊነም መርዞች በነርቭ ጫፍ ገብተው ከረጢቱን ከሽፋኑ ጋር የሚያጣብቁትን ፕሮቲኖች ይቆርጣሉ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለው በዘር በሚተላለፍ በሽታ ደግሞ፣ በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ ከክሎራይድ መተላለፊያው ፕሮቲን አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ይጎድላል፤ ፕሮቲኑም በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ተይዞ ይቀርና ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ሕዋሳቱ በዝቅተኛ ሙቀት ሲያድጉ ከዚህ ጉድለተኛ ፕሮቲን የተወሰነው እንደሚያልፍ፣ ካለፈም በኋላ እንደሚሠራ አሳየ። ይህ ማለት የበሽታው ትልቁ ክፍል የመንገድ መዘጋት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሕሙማን ከሚወስዱት ባለ ሦስት መድኃኒት ሕክምና ሁለቱ መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይዞ ከሽፋኑ እንዲደርስ ያግዙታል። በጨለማው ክፍል ሳህኑን ከ40 ወደ 32 ዲግሪ ሳወርድ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ እነዚህ ሕሙማን ናቸው።

ያልተፈታውን ልናገርና ላብቃ። ቆዳችንን፣ አጥንታችንንና ጅማታችንን የሚያጠነክረው ኮላጅን በሕዋስ ውስጥ ሲሠራ 300 ናኖ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግትር ዘንግ ነው። ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚነሡት የተለመዱ ከረጢቶች ግን ከ60 እስከ 90 ናኖ ሜትር ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ታንጎ1 የተባለ ፕሮቲን ለዚህ ጭነት እንደሚያስፈልግ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ መውጫው ራሱ ሰፍቶ ትልቅ ከረጢት ይሆናል ወይስ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለሙና በቀጣዩ ክፍል መካከል ለአጭር ጊዜ መተላለፊያ ቦይ ይከፈታል በሚለው ላይ ዛሬም እንከራከራለን። የእኔ ግምት ወደ ቦዩ ያደላል። በመጪዎቹ ወራትም የኮላጅንን ጉዞ በሙቀት አስቁመን፣ ከለቀቅነው በኋላ በየሰከንዱ ሕዋሳቱን በቅጽበት እያቀዘቀዝን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ልናያቸው ተዘጋጅተናል።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።