ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማይኩን ያቆምኩት ምድር ቤት፣ ከኪቦርዴ አጠገብ ነው። ከላይ የልጆች ሩጫ ከሰማችሁ ይቅርታ። እሁድ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልጅ ዝም ማሰኛ ዘዴ ያገኘ ካለ ይጻፍልኝ።

ሰሞኑን አንድ ሰው ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ቤንሞንት ቴንች ይባላል። ስሙን ባታውቁት አይገርመኝም፤ ድምፁን ግን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። የአሜሪካዊው ሮክ ዘፋኝ የቶም ፔቲ ባንድ የሃርትብሬከርስ ፒያኖና ኦርጋን ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ፔቲ በ2017 እስኪሞት ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳም። የራሱን የመጀመሪያ አልበም ያወጣው በ2014 ነው። ስልሳ ዓመቱ ነበር።

ስልሳ! እኔ በአርባ ሰባት ዓመቴ «አረጀሁ» እያልኩ የማለቅስ ሰውዬ ነኝ።

ሃያ ዓመት ሰው ሳጅብ ነው የኖርኩት። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ክለብ። ማጀብ የሚለውን ቃል ግን ልብ ብላችሁታል? አጃቢ ሙሽራ ይከተላል፣ አጃቢ ባለሥልጣን ይጠብቃል። የራሱ ጉዞ የለውም። ድሮ ማሲንቆ ይዞ ድግስ ቤት የሚገባው አዝማሪ እኮ ራሱ ይመታል፣ ራሱ ይዘፍናል፣ ራሱ ያሞግሳል፣ ካልሸለማችሁትም ራሱ ይሰድባችኋል። ኦርኬስትራ ሲመጣ ነው ነገሩ የተለየው፤ ጥላሁን ገሠሠ ከፊት፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከኋላ። ደግሞ ያ ባንድ እውነተኛ አጃቢ ነበር፣ የንጉሡ። ይህን ሳስብ ሁሌ ያስቀኛል።

ወደ ቴንች ልመለስ። የጌይንስቪል፣ ፍሎሪዳ ልጅ ነው፤ አባቱ ዳኛ ነበሩ። ኒው ኦርሊንስ ከተማ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ፔቲ ማድክራች ወደሚባለው ባንዱ ሊወስደው ፈለገ። ፔቲ ራሱ ነው አባትየውን አነጋግሮ ያሳመናቸው። እስቲ አስቡት፤ ጸጉሩን ያስረዘመ ጎረምሳ አንድ ዳኛ ፊት ቀርቦ «ልጅዎ ትምህርቱን አቋርጦ ከእኔ ጋር ሮክ ይጫወት» ሲል! የእኔ አባት ቢሆኑ ኖሮ ውሻ ነበር የሚለቁበት።

ሎስ አንጀለስ ሄዱ፣ ማድክራች ፈረሰ። አሁን የምነግራችሁን ስሰማ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ቆሜያለሁ። ቴንች የራሱን ዘፈኖች ለመቅዳት ስቱዲዮ ይይዛል። ማይክ ካምቤልን ለጊታር፣ ሮን ብሌርን ለቤዝ፣ ስታን ሊንችን ለድራም ይጠራል። ሁሉም የአገሩ ልጆች ናቸው። ፔቲንም ይጠራዋል፤ ለምን? ሃርሞኒካ እንዲነፋለት! አጃቢ ሆኖ እንዲመጣ ማለት ነው። ፔቲ መጣ፣ ባንዱን ሰማ፣ ወደደው። በአጭሩ ያ ባንድ ሃርትብሬከርስ ሆነ። ቴንች ለራሱ ባሰባሰበው ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ ተቀመጠ።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ተበላ በለኛ!» አለኝ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ቁስሉ አለብኛ። አንድ ዘፋኝ፣ ስሙን አልጠራም፣ ነጠላ ዜማው ላይ መግቢያውን እኔ ሠራሁለት፤ ያቺን ሰው ሁሉ በአፉ የሚያዜማትን መግቢያ። ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ የፀጉር አስተካካዩ ስም ሳይቀር ተጽፏል፣ የእኔ የለም። ለሚስቴ አሳየኋት፤ «ፀጉሩ ግን አምሮበታል» ብላኝ አረፈች።

ግን ቴንች ሲጫወት ብትሰሙት ተበላ አትሉም። የ1979ኙን አልበማቸውን «ዳም ዘ ቶርፒዶስ»ን ክፈቱና የመጀመሪያው ዘፈን «ሪፊውጂ» ላይ ኦርጋኑን ብቻ ተከተሉ። ሃሞንድ ኦርጋን ሌስሊ ከሚባል የእንጨት ሳጥን ጋር ነው የሚሠራው፤ ሳጥኑ ውስጥ ድምፅ የሚወጣበት ቀንድ ይሽከረከራል። ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል ነገር አለች፣ ቀስ ወይም ፈጠን ታደርገዋለች። ስትፈጥን ድምፁ ይርገበገባል። ጥበቡ መቼ እንደምትነካት ማወቅ ነው። ዘፋኙ ቃሉን ጨርሶ ትንፋሽ የሚወስድባት ቅጽበት አለች፤ እዚያች ላይ ነክተህ፣ ተመልሶ ሲገባ ታሳርፋታለህ። ግማሽ ሰከንድ ካዘገየህ ዘፋኙን ረግጠኸዋል። ለዚህ ሰውዬውን ከራሱ በላይ ማዳመጥ አለብህ። እኔ የማጅባቸው ሰዎች የትኛው ፊደል ላይ እንደሚያቃስቱ፣ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ ድምፃቸው እንደሚደክም አውቃለሁ። ሳይጠይቁኝ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደርግላቸዋለሁ።

እንደዚያ ስለሚያዳምጥ ነው ሁሉም የሚጠራው። ቦብ ዲላን፣ ስቲቪ ኒክስ፣ ጆኒ ካሽ። ዘፈንም ይጽፍ ነበር፤ ከፔቲ ጋር የጻፈውን አንድ ዘፈን ሮዛን ካሽ ዘፍናው በ1986 የካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ወጥቷል። ዜማ አልጠፋውም ማለት ነው። ታዲያ ምን ይጠብቅ ነበር?

የመሰለኝን ልንገራችሁ፤ በራሴ ስላየሁት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ዘፈን ሠራሁ። ሮክ ነው፣ የትዝታ ቅኝት ላይ የተቀመጠ፤ አትሳቁ። መኪና ውስጥ ግሮሰሪ ደጃፍ ቆሜ በስልኬ ዘፈንኩት፣ ምድር ቤት ወርጄም ኪቦርዱን ጨመርኩበት። መልሼ ስሰማው አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ግጥሙን እሮጥበታለሁ። እያንዳንዱን ስንኝ ገፍትሬ አልፌ ኪቦርዱ መልስ ወደሚሰጥበት ቦታ እደርሳለሁ፤ እዚያ ስደርስ ዘና እላለሁ። ደግሞ ዘፋኙ እንዲገባ ቦታ ለቅቄለታለሁ፣ አራት ሙሉ ምት። ማን ነው የሚገባው? እኔ እኮ ነኝ ዘፋኙ! በዚያ ባዶ ቦታ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው።

የቴንችን አልበም በዚህ ጆሮ ደግሜ ሰማሁት። ርዕሱ «ዩ ሹድ ቢ ሶ ላኪ» ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ «ምነው በታደልክ!» ብለን በሽሙጥ የምንላት ዓይነት ናት። ያወጣው ብሉ ኖት ነው፣ የጃዝ ኩባንያው፤ ያኔ በዶን ዋስ ነበር የሚመራው። ፕሮዲውሰሩ ግሊን ጆንስ ነው፣ ሮሊንግ ስቶንስና ዘ ሁ ከሚባሉት የእንግሊዝ ሮክ ባንዶች ጋር የሠራው። እኔ ኪቦርድ ያጥለቀልቀኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ አርባ ዓመት የታመቀ ሰው ምን አያደርግም? አላደረገውም። ቀስ ብሎ፣ ሻከር ባለ ድምፅ ይዘፍናል፤ ጣቶቹም ያንን ድምፅ ያጅባሉ። ልክ ፔቲን እንደሚያጅቡት ራሱን ያጅበዋል። እውነቱን ለመናገር መሀል ላይ አንድ ሁለት ዘፈን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ድምፁም ትልቅ ድምፅ አይደለም። ግን አይሮጥም። ስንኙን እስከ መጨረሻው ፊደል ይጠብቀዋል። እኔን የጠፋችኝ እሷ ናት።

የቢትልሱ ድራም መቺ ሪንጎ ስታር እዚያ አልበም ላይ አለ፤ የሚመታው ድራም አይደለም፣ ታምቡሪን ነው። ቶም ፔቲም መጥቷል። ቤዝ ይጫወታል። በቃ፣ ቤዝ። ያኔ ሃርሞኒካ ሊነፋለት መጥቶ ባንዱን ይዞ የሄደው ሰውዬ፣ አርባ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ ቁጭ ብሎ አጀበው። ሁለተኛው አልበም በ2025 ወጣ፣ ፔቲ በሌለበት። እሱን ገና በደንብ አልሰማሁትም፣ ሌላ ቀን እናወራዋለን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ድፍረት አገኘሁና አንድ ዘፋኝ ጋ ደወልኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ያጀብኩት ነው፣ የዩቲዩቡ ሰውዬ አይደለም። «ተቀባይ ትሆንልኛለህ?» አልኩት። ዝም አለ። የተቆጣ መሰለኝ። «ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።

ባለፈው ሳምንት መጣ። ጫማውን ደረጃው ላይ አውልቆ በካልሲ ወረደ፣ ሚስቴ ቡና አወረደችልን፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠሁት። መድረክ ላይ አምስት መቶ ሰው እጁን የሚያስነሳ ሰው ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ጥግ ቆመ።

«አንቺ» አለኝ፣ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፣ «የት ጋ ነው የምገባው?»

«እኔ ትንፋሽ ስወስድ።»

አንዴ ሞከርነው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ልማዱ አሸነፈውና ለቀቀው፣ ያንን ትልቅ ድምፅ፤ እኔ ከነግጥሜ ጠፋሁ። እየሳቀ አፉን ያዘ። እኔም እጄን ዘርግቼ የእሱን ማይክ ትንሽ ዝቅ አደረግኩትና «ከላይ» አልኩት፣ «እንደገና።»